ቼክ ኢንጂናችንን ላጠፋልን መካኒክ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

በመጀመሪያ እጁ ይባረክ። ከጃንዋሪ ጀምሮ ስትበራ ስትጠፋ የነበረችው ብርቱካናማ መብራት ከጠፋች ስድስት ሳምንት ሞላት። የሠራልን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቦታ ተጋርቶ የሚሠራ የኛው ልጅ ነው። ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ አልጽፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እዚህ የምጽፈው ምን እንደሠራና ሌሎቹ የት ላይ እንደሳቱ ነው፤ ያንን ካያችሁ ለምን እንደማመሰግነው ይገባችኋል።

መኪናዋ የ2012 ቶዮታ ካምሪ ናት፣ ኮምፒውተሯ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ፒ0456። የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያው አንድ ቦታ በጣም በጥቂቱ ያስተነፍሳል ማለት ነው። በጥቂቱ ስል ኮምፒውተሩ ጥፋት ብሎ የሚመዘግባት ቀዳዳ 0.020 ኢንች፣ ማለትም ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ይቺን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ፒ0455 ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ እሱ ክዳን ሲረሳ ወይም ቱቦ ሲወልቅ የሚመጣ ትልቁ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ቤንዚን ቆሞም ይተናል። ትነቱ ወደ አየር እንዳይወጣ ከታንኩ ተነስቶ ከሰል ወደተሞላ ሳጥን፣ ካኒስተር ወደሚባለው፣ ይሄድና ከሰሉ ይዞ ያቆየዋል። ሞተሩ ሲሠራ ፐርጅ ቫልቭ ይከፈትና ሞተሩ ያንን ትነት ስቦ ያቃጥለዋል። በካኒስተሩ ሌላ ጫፍ ደግሞ ንጹሕ አየር የሚገባበት ቬንት ቫልቭ አለ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ዘግቶ በመሃል ያለው ሁሉ ግፊት መያዙን ይፈትሻል። ታንክ፣ የመሙያ አንገት፣ ክዳን፣ ካኒስተር፣ ይህን ሁሉ የሚያገናኙ ቱቦዎች፣ የእያንዳንዱ መጋጠሚያ ጎሚኒ፣ አንዱ ካስተነፈሰ ኮዱ ያው ነው። ኮዱ "ያስተነፍሳል" ይላል እንጂ "ይኼን ዕቃ ቀይር" አይልም። ገንዘባችን የቀለጠው ይኼን ልዩነት በማያውቁ ወይም ሊያውቁ በማይፈልጉ ሰዎች እጅ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ጃንዋሪ ላይ የነዳጅ ክዳኑን ቀየረ፣ ኮዱን አጠፋ፣ "አለቀ" አለ። መብራቷም እስከ ማርች አልበራችም። እንደዚህ ያለው ካምሪ ራሱን የሚፈትሸው በጉዞ ላይ አይደለም። ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ሰዓት በኋላ ካኒስተሩ ላይ ያለች ትንሽ ፓምፕ በራሷ ተነስታ ነው የምትፈትሸው። የሞተሩ ውሃ ገና ካልበረደ ወደ 7 ሰዓት፣ ከዚያም ወደ 9 ሰዓት ተኩል ታዘገየዋለች። የአየሩ ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከሆነ ወይም ታንኩ ከ90 በመቶ በላይ ከተሞላ ፈተናውን ትዘለዋለች። በዚያ ብርድ መብራቷ ብትጠፋ ምን ይገርማል? ሳይፈተሽ ነዋ የከረመው! ኮዱን አጥፍቶ ሰፈሩን ሃያ ደቂቃ ዞሮ "ተሠርቷል" የሚል ሰው ይኼን ፈተና ጭራሽ አላየውም። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካልወደቀ ደግሞ መብራቷ አትበራም፤ ስለዚህ ክፍያው አልቆ፣ ደረሰኙ ተጥሎ፣ ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ብልጭ ትላለች።

ሁለተኛው ቦታ የጭስ ማሽን ነበራቸው፤ ጭስ ወደ ውስጥ ነፍቶ የሚያስተነፍሰው ቦታ በሚወጣው ጭስ እንዲታይ የሚያደርግ ማለት ነው። ጭሱን በነዳጅ መሙያው በኩል አስገብተው "ምንም የለም" አሉና ፐርጅ ቫልቩን በግምት ቀየሩት። ፐርጅ ቫልቭ መበላሸቱ እኮ በጣት ይታወቃል። ሞተሩ ሥራ ፈት እየዞረ ሶኬቱን ነቅሎ፣ በካኒስተር በኩል ያለውን ቱቦ አውልቆ፣ የቫልቩን አፍ በጣት መድፈን ነው። ጣት ከሳበ ቫልቩ አይዘጋም፣ ካልሳበ ደህና ነው። ነዳጅ ከሞላችሁ በኋላ ሞተሩ አልነሳም እያለ የሚያስቸግር ከሆነም አንደኛው ተጠርጣሪ እሱ ነው። የኛዋ አንዱም ምልክት አልነበራትም።

ሦስተኛው ምንም ሳይነካ ካኒስተሩ ይቀየር አለ፤ ከሺህ ዶላር በላይ። ያለ አንዳች ማስረጃ!

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ስንደውልለት ዋጋ ከመናገሩ በፊት "ነዳጇ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ግማሽ ታንክ ይሁን፣ ማታውን እኔ ጋ ትደር፣ ጠዋት ሳትነሳ አያታለሁ አለ። ምክንያት አለው። ታንኩ ሙሉ ከሆነ ለትነቱ ቦታ የለም፣ ነዳጁም የሚያስተነፍሰውን ቦታ ሊሸፍነው ይችላል። ባዶ ከሆነ ጭሱ ያንን ሁሉ ባዶ ቦታ እስኪሞላ ጊዜ ይፈጃል። ሞተሩና ነዳጁ የሞቁ እንደሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ራሱ እየተነነ ግፊት ስለሚፈጥር መለኪያው ይሳሳታል። ሦስት ጋራዥ ሄደን ይህን የጠየቀን አልነበረም።

ጠዋት መጀመሪያ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው መሣሪያ፣ በስካነሩ፣ ቬንት ቫልቩን ዘጋው። ይህ ካልተደረገ ጭሱ በቬንቱ በኩል ይወጣና "ካኒስተሩ ያስተነፍሳል" ተብሎ ጤነኛ ዕቃ ይጣላል። ማሽኑን የሚገፋው በናይትሮጅን ነው፤ ቤንዚን ትነት ባለበት ኦክስጅን ያለበትን አየር ላለመጨመር። ግፊቱን 13 ኢንች ውሃ በሚሉት የግፊት ልክ ላይ አቆመው። ይህ ግማሽ ፒ.ኤስ.አይ. እንኳ አይሞላም፤ የጎማችሁ 33 ገደማ ነው። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ይዞ ታንክ ሊነፋ የሚመጣ መካኒክ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ፤ ታንኩን ይነፋዋል፣ የግፊት ሴንሰሩንም ይገድለዋል።

የፍሰት መለኪያው ከፍ አለ፤ የሚያስተነፍስ አለ ማለት ነው። ልክ እንደ ሁለተኛው ጋራዥ በመሙያው በኩል አስገብቶ አምስት ደቂቃ ታገሠ፣ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ይዞ ዞረ። ጭሱ ከፊት፣ ከአዲሱ ፐርጅ ቫልቭ ቱቦ ሥር፣ እንደ ሲጋራ ቀጭን ሆኖ ብቅ አለ። ቫልቩን የቀየሩት ሰዎች የቱቦውን ክላምፕ ወደ ቦታው ሳይመልሱት ትተውታል! ከፍለን ያስገባነው ቀዳዳ ነበር። ልጁ በፕላየር ገፍቶ መለሰውና ጭሱ ቆመ።

ብዙው ሰው እዚህ ላይ ሂሳብ ይጠይቃል። እሱ ግን "ይኼ ኋላ የመጣ ነው፤ ጃንዋሪ ላይ ያበራት ሌላ ነው" አለ። ከዚያ ያለው ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦ "ጭስ የገባበት በር ራሱ አይፈተሽም።" በመሙያው በኩል ጭስ ሲገባ ክዳኑ ወልቆ በቦታው የማሽኑ መግጠሚያ ይገባል። ስለዚህ ክዳኑም የሚያርፍበት ከንፈርም ከፈተናው ውጭ ናቸው። ሁለተኛው ጋራዥ "ምንም የለም" ያለው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ጥፋቱ እነሱ ቆመውበት ነበር። ልጁ ማሽኑን ወደ ፊት አምጥቶ በፐርጅ ቱቦው በኩል አስገባ፣ ክዳኑን ሦስት ጊዜ ቀጭ አድርጎ ዘጋ፣ ጠበቀ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ከአዲሱ ክዳን ዙሪያ ጭስ ተነነ። ክዳኑ ደህና ነው። የመሙያው አንገት ከንፈር በዝገት ተበልቶ ጎሚኒው የሚያርፍበት ለስላሳ ቦታ አልቋል። በዚህ አገር የበረዶ ጨው ያደረገው ነው። መቶ ክዳን ቢቀየር አይገጥምም።

አንገቱን ቀየረ፣ እንደገና በሁለቱም አቅጣጫ ጭስ አስገባ፣ መለኪያው ዜሮ ላይ ወረደ። በመጨረሻም በስካነሩ የቶዮታን የራሱን ፈተና አስጀመረ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ሳጥኑም ፓምፑም አለፉ። ያ ሺህ ዶላር ኪሳችን ቀረ።

ደረሰኙ ላይ የአንድ ሰዓት ፍተሻ፣ አንገቱና የአንገቱ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ለክላምፑ ምን ልክፈል ስለው "ክላምፕ መግፋት ሥራ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔ የቀደሙትን ልሰድብ አፌን ስከፍት "ሲቸኩል ሁሉም ይረሳል" ብሎ አስቆመኝ። የዛገውን አንገት ጨርቅ ላይ አድርጎ ከንፈሩን በጣቴ እንድነካው አደረገ። ለማስረዳት ጊዜ የሚሰጥ ሰው እንዲህ ነው።

ኢሚሽን ኢንስፔክሽን፣ ማለትም የመኪና ብክለት ፈተና፣ የደረሰባችሁ ልብ በሉ። በሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ ይህ ፈተና አለ፤ መብራቷ በርታ ከሄዳችሁ ትወድቃላችሁ። ጠዋት ኮዱን አስጠፍታችሁ ከሰዓት መሄድም አያዋጣም፣ የኮምፒውተሩ ሞኒተሮች፣ ራሱን የፈተሸበት መዝገብ ማለት ነው፣ ባዶ ስለሚሆኑ ይመልሷችኋል። ከ2001 ወዲህ ለተሠራ መኪና አንድ ሞኒተር ሳይጨርስ ቢቀር ያልፋል፤ ይህችን ይዘው "አሳልፍልሃለሁ" የሚሉ አሉ። ቀዳዳው ግን እዚያው ነው፣ ቤንዚኑም እየተነነ ነው። በትክክል ከተሠራ መብራቷ ማንም ሳይነካት ሦስት ተከታታይ ፈተና ስታልፍ ራሷ ትጠፋለች።

ካኒስተራችሁን እንዳትገድሉ ደግሞ ማደያው ላይ መቅጃው ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ አትጨምሩ። "ሂሳቡን እኩል ላድርገው" እያላችሁ የምትጨምሩት ነዳጅ ፈሳሹን ከሰሉ ውስጥ ይከተዋል፣ ከሰሉ ይፈራርሳል፣ ፍርፋሪው ሄዶ ፐርጅ ቫልቩን ይዘጋል። ክዳን ከቀየራችሁ የመኪናውን ኦሪጅናል ግዙ፤ ርካሹ ይገጥማል እንጂ አይዘጋም። ቬንቱም ሊደፈን ይችላል፦ ማዝዳ በ2011 ማዝዳ 6 መኪኖችን ለጥገና የጠራው ቢጫ ሸረሪት ቬንት ቱቦው ውስጥ ድር እያደራች ስለዘጋችው ነበር። ቬንቱ ሲዘጋ ታንኩ ወደ ውስጥ እየተሳበ ሊሰነጠቅ ይችላል።

በድጋሚ፣ ወንድሜ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ታክሲ የምትነዱም፣ ኡበር የምትሠሩም፣ በዚህች መብራት የተማረራችሁ ሁሉ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ወደሱ ሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ከመቀየራችሁ በፊት። ስትሄዱ ታንኩ ግማሽ ይሁን፣ ኮዱን አታስጠፉ፣ የቀየራችሁትን ዕቃ ደረሰኝ ያዙ። መኪናዋን የሚቀበለው ማታ ነው፤ "ጠዋት አንድ ሰዓት እጀምራለሁ" ካላችሁ በኛ ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ ሰባት።