ላፕቶፕ «ከነባክአፑ» ፎርማት የምታስደርጉ፦ ኤክስተርናሉን ሳትከፍቱ እንዳትከፍሉ

ጎንደር ውስጥ ላፕቶፕ ፎርማት ለማስደረግ የምታስቡ፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን የያዛችሁ የማራኪና የአፄ ቴዎድሮስ ግቢ ተማሪዎች፣ የጥምቀትና የሠርግ ፎቶ የምታጠራቅሙ ካሜራማኖች፣ ቆም ብላችሁ አንብቡት። «ፋይላችሁን ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ) ላይ ገልብጠን፣ ዊንዶውሱን አድሰን በአንድ ሰዓት እናስረክባለን» የሚለው አገልግሎት ጣጣ አለው። ቤት ገብታችሁ ኤክስተርናሉን ስትከፍቱት ፎልደሮቹ ከነስማቸው አሉ፤ ውስጣቸው ግን ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ግማሹ የለም። ላፕቶፑ ደግሞ ፎርማት ተደርጓል።

ሁሌ ተንኮል ነው አንልም። አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው በዊንዶውስ 7 ጊዜ በለመደው እጁ ስለሚሠራ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ከተገባ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስ ባለቤቱ ልብ ሳይል ወደ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ላይ ፋይል ማስቀመጫ) ፎልደር ሊዛወሩ ይችላሉ። ዓይናችሁ ስር ያለው ዴስክቶፕ እንግዲህ ዋንድራይቭ ውስጥ ያለው ነው። የድሮው ዴስክቶፕ ፎልደርም በቦታው ሊቆይ ይችላል፣ ግን ባዶውን። ሠራተኛው የሚገለብጠው ያንን ነው።

የባሰው ሁለተኛው ምክንያት ነው። ዋንድራይቭ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የፋይሉን ስም ላፕቶፑ ላይ ትቶ ይዘቱን ኢንተርኔት ላይ ብቻ ሊያስቀምጠው ይችላል። ከጎኑ የደመና ምልክት ያለበት ፋይል እንዲህ ያለ ነው። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስን ክፈቱ፤ «ሳይዝ» የሚለው 48 ሜጋባይት ሊል ይችላል፣ ከስሩ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለው ግን 0 ነው። እውነቱን የሚናገረው ታችኛው ነው። ይህን ፋይል ሱቅ ውስጥ ኢንተርኔት ሳይኖር ለመቅዳት ሲሞክሩ ኮምፒውተሩ የስህተት መስኮት ያወጣል። ሠራተኛው «ስኪፕ» ይጫናል፣ ከዚያ «ለሁሉም» ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ያልፋል። እናንተ ያን መስኮት አላያችሁም። ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ የሚገለብጥም ውጤቱ ያው ነው፤ ይዘቱ መጀመሪያውኑ ዲስኩ ላይ የለምና።

«በአንድ ሰዓት» የሚለውን እስቲ በሂሳብ እንየው። ይዘቱ ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ያለው ማስቀመጫ) ላይ ያለ 60 ጊጋባይት ፎቶ በ10 ሜጋቢት መስመር ለማውረድ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ ላፕቶፑን ከማስረከባችሁ በፊት ይህን ራሳችሁ ቤት ጨርሱት። ዋንድራይቭ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ»፣ ከዚያ መጠበቅ። ነጭ ሆኖ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነው ምልክት አይበቃም፤ ያ ፋይል ዛሬ ላፕቶፑ ላይ ቢኖርም ነገ ቦታ ሲጠብ ሊነሳ ይችላል። ሙሉ አረንጓዴ ክብ ሲሆን ነው ማመን። ሲ ድራይቭ ላይ በቂ ቦታ ከሌለ በየፎልደሩ አውርዱና ወደ ኤክስተርናል ኮፒ አድርጉ። ኮፒ እንጂ ከት አይደለም፤ ከት ካደረጋችሁ ክላውዱም ላይ ይጠፋል።

ነፃው ዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት ብቻ መሆኑንም አትርሱ። ሲሞላ አዲስ ፋይል መጫን ያቆማል፤ ያኔ አሮጌው ክላውድ ላይ፣ አዲሱ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ይሆናል። «ሁሉም ክላውድ ላይ አለላችሁ፣ ዝም ብለን ፎርማት እናድርገው» የሚላችሁን አትስሙት። በርካሽ «የዕድሜ ልክ 1 ቴራ» የሚሸጥ አካውንትም ባለቤቱ ሌላ ድርጅት ነው፤ አስተዳዳሪው በፈለገ ቀን ይዘጋዋል።

ጉግል ድራይቭ ለምትጠቀሙ፦ በጉግል ዶክስ የጻፋችሁት ላፕቶፑ ላይ የሚታየው አቋራጭ ብቻ ነው። እሱን መገልበጥ ጽሑፉን መገልበጥ አይደለም። ከድረ ገጹ በወርድ መልክ አውርዱት።

ሱቅ ስትደርሱ ፎርማቱ ከመጀመሩ በፊት ኤክስተርናሉን ከሌላ፣ ኢንተርኔት ካልተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ሰኩ። ትልቁን ቪዲዮ፣ የመጨረሻውን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከየፎልደሩ ሁለት ሦስት ፎቶ ክፈቱ። የፋይሉን ብዛት ከላፕቶፑ ጋር አስተያዩ። ባለ1 ቴራው ኤክስተርናል 931 ጊጋ ቢል አትደንግጡ፣ ትክክል ነው፤ መደንገጥ ያለባችሁ በጣም ርካሽ ባለ2 ቴራ ፍላሽ ሲሰጧችሁ ነው። ውስጡ ትንሽ ሆኖ ብዙ እንዳለው የሚዋሽ አለ፤ ያ እስኪሞላ ደህና ይመስላል፣ ከዚያ በኋላ የሚገባው ፋይል አይከፈትም።

በእኛ እምነት ከሁሉም የሚሻለው አሮጌውን ዲስክ ሳይነኩ አዲስ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዓይነት ዲስክ) ማስገባት ነው። አሮጌውን ቤት ወስዳችሁ አንድ ሁለት ወር አቆዩት። የቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበት) ቁልፉን ግን አስቀድማችሁ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ጻፉ፣ አለዚያ የተቆለፈ ዲስክ አይከፈትም። አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫንም በራሳችሁ ኢሜይል ይግባ። በሱቁ አካውንት ከተገባ ቁልፉም ዴስክቶፓችሁም ወደ ሱቁ አካውንት ሊሄድ ይችላል። ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ «ዩር ኢንፎ» ላይ ገብታችሁ የማን ኢሜይል እንደሆነ ተመልከቱ።

ፎርማት ከተደረገ በኋላ የነቃችሁ ካላችሁ «በሪከቨሪ እንመልሳለን» ለሚል ሌላ ገንዘብ አትጨምሩ። ዲስኩ ላይ ያልነበረ ፋይል በሪከቨሪ አይገኝም፤ ኤስኤስዲ ከሆነ የነበረውም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ይልቅ በስልካችሁ ብራውዘር ዋንድራይቭ ድረ ገጽ ላይ በድሮው አካውንት ግቡ፣ የተሰረዘ ከሆነ ሪሳይክል ቢኑን እዩ፤ የግል አካውንት ላይ ለ30 ቀን ይቆያል። አካውንቱ የተከፈተበት ሲም ጠፍቶ ከሆነ መጀመሪያ ቁጥሩን አስመልሱ፣ የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ወደሱ ነው።