የርቀት መለኪያዬ ከስምንት ወር በኋላ
በሌዘር የሚሠራውን የርቀት መለኪያ ድሬዳዋ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ከገዛሁት ስምንት ወር ሆነኝ። ባትሪው እስካሁን አልደከመም፤ መስታወቱም ጥሩ ነው። ይህን የምጽፈው ግን ጨርጨር ደጋ ላይ ባሳሳተኝ አንድ ቁጥር ምክንያት ነው።

ሥራዬ ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች መምራት ነው። ያን ቀን የመጣው ደንበኛ የያዘው ባሩዱንና አረሩን በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ ድቡልቡል እርሳስ አየሩ ቶሎ ስለሚያደክመው 100 ሜትር ሲደርስ ከግማሽ በላይ ጉልበቱን አጥቷል፤ በ75 ሜትር የተስተካከለ ከሆነም በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። የሳተውን ቶሎ ለማረም ሁለተኛ ጥይት የለም። ስለዚህ ከ75 ሜትር በላይ ላለመተኮስ አስቀድመን ተስማምተን ነበር።

አመሻሽ ላይ አንድ የምኒልክ ድኩላ ከጫካው ዳር ብቅ አለ። መለኪያው 68 አለኝ፤ እኔም በእጄ ምልክት ሰጠሁ። የባሩዱ ጭስ ሲገለጥ ድኩላው ቦታው ላይ አልነበረም። ደሙን ያገኘሁት በጉልበቴ ቁመት ልክ ባለ ቅጠል ላይ ነበርና ደረቱን ሳይሆን እግሩን እንደተመታ ያኔውኑ ገባኝ። ዱካውን ተከትለን ስለ መሸብን፣ ደርሰንበት ሥቃዩን ያሳጠርንለት በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። ተመልሼ ቦታውን በሜትር ገመድ ስለካው 97 ሜትር ሆነ። በ68 ሜትር ላይ የነበረው አንድ የወይራ ቅርንጫፍ ነው፤ ጨረሩ ድኩላው ዘንድ ሳይደርስ እርሱን ነክቶ ተመልሷል።

ሻጩ «እስከ 900 ሜትር ይለካል» ብሎ ነበር የሸጠልኝ። ለእንዲህ ያለ ጠመንጃ 900 ሜትር ምን ይረባኛል? እኔ የምፈልገው በ70 ሜትር ላይ እንስሳውን ከቅጠሉ የሚለይልኝን ነው። «አጠቃቀሙን አላወቅህበትም» ይለኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ከፊት ያለውን ትቶ የኋለኛውን እንዲያነብ የሚስተካከል መለኪያ መኖሩን ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ነው፤ የእኔው ይህ የለውም፣ እርሱም አልነገረኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቼ ምልክት መስጠቴ ግን የራሴ ጥፋት ነው፤ ያንን በማንም ላይ አላላክክም።

ገንዘቡ አሁንም ይቆጨኛል፤ ሆኖም መለኪያውን አልጣልሁትም። አሁን ገና በብርሃን፣ እንስሳ ከመምጣቱ በፊት፣ ከመቀመጫችን ተነሥቼ የዛፎቹን ግንድ እለካለሁ፤ በ75 ሜትር ላይ ባለው ግንድም ነጭ ጨርቅ አስራለሁ። ድኩላው ከጨርቁ ወዲያ ከቆመ፣ መለኪያው የፈለገውን ቁጥር ቢያሳይ፣ እጄን በደንበኛው ትከሻ ላይ አኖራለሁ፤ እርሱም ጠመንጃውን ዝቅ ያደርጋል።