«ታይታኒየም ይቆርጣል» ለሚል ትንሽ ቶርኖ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት

900 ዶላር ገደማ ከፍዬ የገዛሁት የቤት ቶርኖ (ብረትን እያሽከረከረ በስለት የሚቆርጥ ማሽን) ሁለተኛ ሳምንቱን ሳይጨርስ ቆመ። ማስታወቂያው በትልቅ ፊደል «አሉሚኒየም፣ አይዝጌ ብረት፣ ታይታኒየም ይቆርጣል» ይል ነበር። ከዚያው ሻጭ ዘንድ «የታይታኒየም ፑንታ» የተባለ ወርቃማ የመብሻ ስብስብና «ግሬድ 5 ታይታኒየም» (ከአሉሚኒየምና ከቫናዲየም ጋር የተቀላቀለ ጠንካራ ታይታኒየም) የሚል ምልክት ያለበት ዘንግ በቅናሽ አብሮ ይሸጥ ነበርና ሦስቱንም ገዛሁ። ከሦስቱ እውነተኛ ሆኖ የተገኘው ዘንጉ ብቻ ነው። የሁለቱን ውሸት ያጋለጠውም እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከባለቤቴ ጣት ነው። ቆዳዋ ኒኬል አይስማማውም፤ የጋብቻ ቀለበቷን ካወለቀች ዓመታት አልፈዋል። ታይታኒየም ኒኬል ስለሌለበት በእጄ ልሠራላት አሰብኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ በትልቅ ቶርኖ ብረት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ታይታኒየም ግን እጄ ገብቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ በሜሪላንድ፣ በቤቴ ምድር ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ትምህርት እናንተ በገንዘባችሁ እንዳትገዙት ነው ይህን የምጽፈው።

ማሽኑ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሞተሩ 550 ዋት ነው። አሉሚኒየም ላይ ጥሩ ሠራ፤ ይህን አልክድም። ግሬድ 5 ታይታኒየም ግን ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከተራው ብረት አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው። ብረት ስትቆርጡ ሙቀቱ ከፍቅፋቂው ጋር ይሄዳል፤ ታይታኒየም ላይ ስለቱ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መቁረጥ ግድ ነው። በካርባይድ (ከብረት እጅግ የጠነከረ የመቁረጫ ቁስ) ስለት በደቂቃ 30 ሜትር ገደማ ቢታሰብ፣ 25 ሚሊሜትር ለሆነው ዘንጌ በደቂቃ 380 ዙር አካባቢ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ጉልበቱ የሚከዳው ደግሞ ልክ እዚህ ፍጥነት ላይ ነው።

ማሽኑ ሲያቃስት ሰማሁና ማንኛውም የቶርኖ ሠራተኛ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ የምቆርጠውን ጥልቀት ቀነስኩ። ብረት ቢሆን ይህ ማሽኑን ያሳርፈዋል። ታይታኒየም ግን ከብረት በእጥፍ ያህል ይለመጣል፤ ስለቱ በስሱ ሲነካው ወደ ኋላ ሸሸት ይልና ይመለሳል። ያን ጊዜ ስለቱ መቁረጡን ትቶ ያሻሸዋል፣ ይግላል፣ ይደነዝዛል፤ የተሻሸው ገጽ ይጠነክራል፤ ቀጣዩ ዙር ከፊተኛው የባሰ ጉልበት ይጠይቃል። እንግዲህ ትንሹ ማሽን በስሱ ካልተቆረጠ አይችልም፤ ታይታኒየሙ በስሱ ሲቆረጥ አይወድም። ሻጩ የደበቀኝ ነገር ይህ ነው። በአራተኛው ቀን ከውስጥ ያለ ጥርስ ተበላ፤ ስከፍተው ፕላስቲክ ሆኖ አገኘሁት። አስለውጬ እንደገና ስጀምር የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ተቃጠለ።

ለሻጩ ጻፍኩ። «ማሽኑን ከአቅሙ በላይ አሠርተውታል» አሉኝ። ይቆርጣል ያሉኝን ነው የቆረጥኩት! ልመልሰው ብል 40 ኪሎውን የምልከው በራሴ ወጪ ነው ተባልኩ።

በትንሽ ቶርኖ ታይታኒየም ጨርሶ አይቆረጥም አልልም። ቀጭን ዘንግ፣ አዲስና ስል ካርባይድ፣ አጥብቆ የተያዘ ሥራ፣ መሀል ላይ የማይቆም አገፋፍ ካለ ይቆረጣል። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት፦ 25 ሚሊሜትር ግሬድ 5 በስንት ዙር፣ በስንት ጥልቀት ይቆርጣል? ጥርሶቹ ከምን ተሠሩ? ታይታኒየም ስቆርጥበት ቢሰበር ዋስትናው ይሸፍነዋል? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚሸሽ ሻጭ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መልሶም ቢሆን አትግዙት።

ፑንታዎቹን በተመለከተ፣ «የታይታኒየም» የሚባሉት ከታይታኒየም የተሠሩ አይደሉም፤ ታይታኒየም ለመብሳትም አልተሠሩም። ተራ ሃይ ስፒድ ስቲል (ለመቁረጫ የሚሠራ ጠንካራ ብረት) ሆነው ላያቸው ታይታኒየም ናይትራይድ በሚባል፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ በሳሳ ወርቃማ ሽፋን የተለበጠ ነው። አንድ ጊዜ ስትስሏቸው ሽፋኑ ከጫፉ ላይ ይጠፋል። የእኔ ሁለቱ ዘንጉን ሳይበሱ ጫፋቸው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ለዚህ ሥራ 5 ወይም 8 በመቶ ኮባልት ያለበት ፑንታ፣ ወይም ያልተለበጠ ካርባይድ ፈልጉ።

ዘንጉ ሲበላሽብኝ ሁለተኛ ዘንግ ከሌላ ሻጭ በርካሽ ገዛሁ። በእጄ ስይዘው ከበደኝ። 25 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 300 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ግሬድ 5 ታይታኒየም 650 ግራም ገደማ መመዘን አለበት። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 1 ኪሎ ከ180 ግራም ሆነ። አይዝጌ ብረት ነበር! በብዛት የሚሸጠው አይዝጌ ብረት ኒኬል አለበት፤ ከባለቤቴ ጣት ላይ ላርቀው የደከምኩበትን ነገር መልሰው ሸጡልኝ። ማግኔት ስላልሳበው ብቻ አትመኑ፣ እንዲህ ያለውንም አይዝጌ ብረት ማግኔት እምብዛም አይስበውም። መዝኑት። ግራይንደር ስታስነኩትም ታይታኒየም ዐይን የሚወጋ ነጭ ፍንጣሪ ይረጫል። ሚዛን ግሬድ 2ን (ያልተቀላቀለውን ታይታኒየም) ከግሬድ 5 አይለይላችሁም፤ ለዚያ የፋብሪካውን የምርመራ ወረቀት ጠይቁ።

ከማሽኑ ጋር በመጣው መመሪያ ውስጥ ያጣሁት፣ ከገንዘቡም በላይ ያስቆጣኝ ነገር እሳት ነው። የታይታኒየም ደቃቅ ፍቅፋቂና ብናኝ ይቀጣጠላል። ከተቀጣጠለ ውሃ አታፍሱበት፤ ሃይድሮጅን ይፈጠርና እሳቱ ይፈነዳል። ለተራ እሳት የተሠራው ማጥፊያም አይሆንም። ደረቅ አሸዋ ወይም ደረቅ ጨው በባልዲ አቅርባችሁ አስቀምጡ፤ ፍቅፋቂውንም በየቀኑ ጥረጉ። ልጆቻችን ከላይ ተኝተው እኛ ከሥር የምንሠራ ብዙ ነን።

ገንዘቤን በመጨረሻ ያስመለሰልኝ የክሬዲት ካርዱ ባንክ ነው። በአሜሪካ ዕቃው እንደተባለው ሳይሆን ሲቀር ለባንኩ በጽሑፍ ማመልከት የምትችሉት፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ማስታወቂያውን በምትገዙበት ቀን ፎቶ አንሡት። እኔ ቅሬታዬን ባቀረብኩ በሳምንቱ ሻጩ «ታይታኒየም» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያው ላይ አጥፍቶት ነበር፤ ባንኩ ያየው ያስቀመጥኩትን ፎቶ ነው። ቀለበቱን በአንድ ወዳጄ ትልቅ አሮጌ ቶርኖ ላይ ጨረስኩት፤ አሁን በባለቤቴ ጣት ላይ ነው። ያው ማሽን ግን በሌላ ስም፣ በሌላ ሻጭ ዘንድ «ታይታኒየም ይቆርጣል» እየተባለ ዛሬ ጠዋትም ለገበያ ቀርቦ አይቼዋለሁ።