አሮጌውን የኤክስቲ ኪቦርድ በዩኤስቢ ላሠራው ባለሙያ፣ እጅህ ይባረክ!

ባለ 83 ቁልፉ የአይቢኤም ኤክስቲ ኪቦርድ (በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአይቢኤም ኮምፒውተሮች ጋር ይመጣ የነበረው) አሁን በዩኤስቢ ይሠራል። ምስጋናው ሥራውን ለሠራው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው። እንዴት እንደሠራው በዝርዝር እጽፋለሁ፤ በማንም ብታሠሩ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ከከንቱ ወጪ አዳነ። ተራው የፒኤስ ቱ (የቆየው ክብ የኪቦርድ መሰኪያ) ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ እንደማይሠራ ቀድሞ ተናገረ፤ እውነቱን ነው፤ ፒኤስ ቱ የሚናገረው እንደ ኤቲ ኪቦርድ ነው። ኤክስቲውና በ1984 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤቲ መሰኪያቸው ያው ዲን የሚባለው ባለ 5 እግር ክብ መሰኪያ ነው፣ አነጋገራቸው ግን አይገናኝም። ኤክስቲው የኤ ቁልፍ ሲጫን 30 ይልካል፣ ሲለቀቅ 128 ደምሮበት 158። ኤቲው የራሱ የቁጥር ሠንጠረዥ አለው፤ ከኮምፒውተሩም ትእዛዝ ይቀበላል። ኤክስቲው ይናገራል እንጂ አይሰማም።

ስለዚህ የኪቦርዱን ቁጥሮች ለዩኤስቢ እንድትተረጉም አትሜጋ32ዩ4 ቺፕ ያላትን ፕሮ ማይክሮ የምትባል ትንሽ ቦርድ ተጠቀመ፣ ባለ 5 ቮልቷን። ባለ 3.3 ቮልቷ ቁርጥ እሷን ስለምትመስል ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ኪቦርዱ ግን 5 ቮልት ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስመሰግነው የሽቦ አያያዙ ነው። የኪቦርዱን ገመድ አልቆረጠም፤ ሴቴ የዲን ሶኬት አዘጋጀለት። የዲን እግሮች ቁጥር በተርታ አይሄድም፦ ቅስቱን ተከትላችሁ ስትቆጥሩ 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3 ነው። 1 ክሎክ (የጊዜ ምት)፣ 2 ዳታ (የቁልፉ ቁጥር የሚሄድበት)፣ 4 ግራውንድ፣ 5 ደግሞ የ5 ቮልቱ መስመር። በዚያ ላይ ከፊትና ከብየዳው በኩል ሲታይ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። በግምት የበየደ ሰው ኃይሉን ወደማይገባው እግር ይልካል። እሱ የሽቦ ቀለም ሳያምን እግሮቹን አንድ በአንድ በመልቲሜትር ለካ፤ ኪቦርዱን ከመሰካቱ በፊትም በ4 እና በ5 መካከል 5 ቮልት መኖሩን አረጋገጠ።

ክሎኩንና ዳታውን ወደ 5 ቮልት የሚስቡ ሁለት ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችም ጨመረ። ቺፑ ራሱ ውስጥ ያለው ወደ 5 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር ደካማ ነው፤ በእሱ ብቻ ከተተወ ኪቦርዱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ፊደል ይዘላል። ከዚያ ጥፋቱ ሁሉ በኪቦርዱ ይላከካል!

ቦርዷ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ኪውኤምኬ የሚባለው ነጻ የኪቦርድ ሶፍትዌር ነው። ይህ ኪቦርድ ኤፍ11፣ ኤፍ12 እና የዊንዶውስ ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ከስፔስ በስተቀኝ ያለው ካፕስ ሎክ ተይዞ ኤፍ1 ሲነካ ኤፍ11፣ ኤፍ2 ሲነካ ኤፍ12 እንዲሆን አደረገው፤ ስክሮል ሎክ የዊንዶውስ ቁልፍ ሆነ። ቋንቋ መቀያየር የቻልነው በዚህ ነው። የቁልፎቹን አቀማመጥ ፋይልም ሳይጠየቅ አስረከበ። ይህን የማያስረክብ ሰው ነገ አንድ ቁልፍ ለመቀየር እሱ ዘንድ ያመላልሳችኋል።

ውስጡ ዱቄት የሆነውን ስፖንጅም ቀይሮታል።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ከመደወላችሁ በፊት የመሰኪያውንና ከኪቦርዱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፤ ኤክስቲ ይሁን ኤቲ ለመለየት ይረዳዋል።