የእንግሊዝ ባላዶች ማኅደር፦ ከጎንደር ሆኖ ለሚጠቀም

አፄ ፋሲል ጎንደርን በቆረቆሩበት በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ለንደን ውስጥ ባላድ የሚባል በዜማ የሚዘፈን ግጥም በአንድ ሉህ እየታተመ በፔኒ ወይም በግማሽ ፔኒ ይሸጥ ነበር። በሳንታ ባርባራ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህን ሉሆች በዚህ ማኅደር በኢንተርኔት በነጻ ያቀርባል።

አንድ ሉህ በሦስት መልክ ይገኛል፦ የዋናው ፎቶ፣ ሥዕሉ ሳይነካ ፊደሉ ብቻ በዛሬው የተተካበት ገጽ፣ እና ጽሑፉ ለብቻው። ዜማው ከታወቀ የተዘፈነ ቅጂም አለ። በስልክ ዳታ የሚገባ ሰው ከጽሑፉ ይጀምር፤ ፎቶዎቹ ከባድ ናቸው፤ ቢከፈቱም ጥቁሩን የድሮ ፊደል ማንበብ ያደክማል። ረጅሙ ኤስ ኤፍን ይመስላል፤ ዩ እና ቪ ቦታ ይለዋወጣሉ። በዛሬው አጻጻፍ የፈለጉት ቃል የሚጠፋውም አንዳንዴ በዚህ ነው።

ስለ መጠናናት ለሚፈልግ በማኅደሩ ውስጥ ያለው የሳሙኤል ፒፕስ፣ የዚያው ዘመን የለንደን ባለሥልጣንና የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ፣ ስብስብ ይሻላል። ሰውየው ከ1,700 የሚበልጡ ሉሆችን በ5 ጥራዝ ሲያስቀምጥ ደስ የሚል ፍቅርን፣ ያልቀና ፍቅርንና ጋብቻን ለየብቻ መድቧቸዋል። ያልቀናው ክፍል ውስጥ ማስጠንቀቂያው ሞልቷል፦ ወጣቱ ይምላል፣ ልጅቷ ታረግዛለች፣ እሱ ይጠፋል፣ በመጨረሻው አንጓ ለደናግል ምክር ይሰጣል። ርዕሱ ራሱ ረጅም ስለሆነ ምክሩን አስቀድሞ ያወጣዋል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ላይ ነው የሚወድቀው።

ግን ምክሩን ብቻ አንብቦ መፍረድ ያሳስታል። በአብዛኛው ሉህ ላይ ኖታ የለም፤ «በእገሌ ዜማ» ብቻ ይላል። አዝማሪ ቤት ያመሸ ጎንደሬ ይህ አይከብደውም፤ ዜማው የሚታወቅ ነው፣ ቃሉ ነው አዲሱ። ስለዚህ የተዘፈነውን ይስሙ፦ ከባዱ ተግሣጽ አንዳንዴ በጭፈራ ዜማ ይመጣል፣ ያኔ ቁም ነገሩ ወደ ፌዝ ያዘነብላል። የልጅቷን ክስ ለሚያስተባብል ወንድ የመልስ ግጥም የሚያሳትሙም ነበሩ፤ ሁለቱም ይሸጣሉና።

ሥዕሎቹን ግን አትመኑ። አታሚው ያንኑ የተቀረጸ እንጨት ለብዙ ግጥም ስለሚጠቀምበት፣ በሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ከታሪኩ ጋር ላትገናኝ ትችላለች።

ቅጂዎቹ በአብዛኛው ያለ መሣሪያ በአንድ ድምፅ ናቸው፤ ማሲንቆ ለለመደ ጆሮ ደረቅ ይላሉ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የባላድ ማኅደር ወደ 30,000 የሚጠጉ ግጥሞች ቢኖሩትም አብዛኛው ፎቶ ብቻ ስለሆነ፣ ለጀማሪ የሳንታ ባርባራው ይቀላል።