ኡዝቤካዊቷን ተዋናይት ሉትፊ ሳሪምሶቆቫን ለማየት የትኛው ቅጂ ይሻላል?

«ወላጅ አልባ አይደለህም» የተባለው የኡዝቤክ ፊልም (እ.ኤ.አ. 1962) ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፤ ቅጂዎቹ ግን በጥራት አይገናኙም። ሹኽራት አባሶቭ ያዘጋጀው ይህ ጥቁርና ነጭ ሥራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከየአገሩ የመጡ ሕፃናትን ሰብስበው ስላሳደጉ ባልና ሚስት ነው። መነሻው የታሽከንቱ ብረት ቀጥቃጭ ሾአሕመድ ሾማሕሙዶቭና ባለቤቱ ባሕሪ አክራሞቫ በእውን ያደረጉት ነው፤ ርዕሱ የጋፉር ጉሎም ግጥም ርዕስ ነው።

እናቲቱን የምትጫወተው ሉትፊ ሳሪምሶቆቫ (1896–1991) መሠረቷ የሙዚቃ መድረክ ነው። በታሽከንቱ የሙቂሚ ሙዚቃዊ ቴአትር ሠርታለች፤ የኡዝቤክ ሶቪየት ሪፐብሊክ የሕዝብ አርቲስትም ተብላለች። ይህን ፊልም ስትሠራ ዕድሜዋ ስድሳዎቹን አጋምሶ ነበር። ባሏን የሚጫወተው ኦቢድ ጃሊሎቭም ከመድረክ የመጣ ሰው ነው። የሉትፊ ትልቁ መሣሪያ ድምፅዋ ነው፦ ትንፋሿን የምትመጥን ዘፋኝ ናትና አንዲት ተራ ዐረፍተ ነገር እንኳ በአፏ ላይ ዜማ ይዛ ትወጣለች። ቅጂ ስትመርጡ ከምስሉ በፊት ድምፁን መርምሩ የምለውም ለዚህ ነው።

ንግግሩ በሩሲያኛ ድምፅ የተተካበት ቅጂ በብዛት ይገኛል፤ ለትወናዋ ግን ጠላት ነው። የምትሰሙት ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ ጽሑፍ የሚያነብ ሌላ ሰው ነው። የኡዝቤክኛውን ለመለየት በኡዝቤክኛ ስሙ «ሰን የቲም ኤማሳን» ብላችሁ ፈልጉ፤ ከዚያ ፊቷ በቅርብ የሚታይበትን ንግግር አግኝታችሁ ከንፈሯን ከቃሉ ጋር አስተያዩ።

ሁለተኛው ችግር ፍጥነት ነው፤ ብዙ ተመልካች አያስተውለውም። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ በአውሮፓና በሶቪየት ቴሌቪዥን ሥርዓት ሲገለበጥ ግን 25 ሆኖ ይሮጣል። 100 ደቂቃ የሚረዝም ፊልም 96 ደቂቃ ይሆናል፣ ድምፁም ግማሽ ቃና ገደማ ይቀጥናል። የአንድ እናት ጥልቅ ድምፅ ሲቀጥን ደግሞ ትካዜው ወደ መነጫነጭ ይጠጋል። ሁለት ቅጂ አግኝታችሁ አንዱ 4 በመቶ ያህል ካጠረ፣ የተቆረጠ ትዕይንትም ከሌለ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቪኤልሲ (VLC) በተባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ ፍጥነቱን 0.96 አድርጉ፤ ይህ ብቻውን ግን ቃናውን አይመልስም፤ ማጫወቻው ፍጥነት ሲቀየር ቃናን እንዳለ ስለሚጠብቅ፣ በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ ይህንን አማራጭ ማጥፋት አለባችሁ። ዩቲዩብ ላይ ግን ፍጥነቱን እንጂ ቃናውን ማስተካከል አትችሉም።

ምስሉን በተመለከተ፣ አንዳንድ ሰው የድሮ ፊልም ሲጭን ለሰፊ ስክሪን ብሎ ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ክብ ዳቦ ወይም ጎማ ሲታይ ሞላላ ከመሰላችሁ ተለጥጧል ማለት ነው፤ በቪኤልሲ የ‹ኤ›ን (A) ቁልፍ እየደጋገማችሁ ክቡ ክብ እስኪሆን ቀይሩ። ንግግሩ ከከንፈር ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ካለ ‹ጄ› (J) እና ‹ኬ› (K) ቁልፎች ድምፁን በአንድ ንክኪ 50 ሚሊሰከንድ ያንቀሳቅሳሉ።

ከምስሉ ግርጌ በሚወጣ አውቶማቲክ የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ላይ ባትመኩ ይሻላል። ማሽኑ መጀመሪያ ንግግሩን በመስማት ይሳሳታል፣ ቀጥሎ ስሕተቱን ይተረጉማል፤ የልጆቹ ስም ሳይቀር የሌላ ነገር ስም ይሆናል። ሰው የጻፈው የእንግሊዝኛ ወይም የሩሲያኛ ጽሑፍ ያለው ቅጂ ከተገኘ፣ ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝም እሱን ውሰዱ።

ይህን ወድዳችሁ ሌላ ከፈለጋችሁ፣ ያው አባሶቭ ቀደም ብሎ የሠራው የሰፈር እናቶች ኮሜዲ «ማሃላዳ ዱቭ-ዱቭ ጋፕ» አለ። ሉትፊ እዚያም እናት ናት፤ ያ ድምፅ ግን ሥራው ሌላ ነው፣ ጎረቤት ማሳቅ። ከተዋናይት ማርያም ያቁቦቫ ጋር ስትጋጠም ሩሲያኛውን መምረጥ የበለጠ ያስቆጫል፤ ቀልዱ ያለው በቃሉ ውስጥ ሳይሆን በአነጋገሩ ፍጥነት ነውና።