ለመኪና ሶላር ምን ልግዛ? ጄል ወይስ ሊቲየም፣ ርካሹ ኮንትሮለር ወይስ ውዱ

የሚኒባሳችንን ወንበር አውጥተን አልጋ ካስገባንበት ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ የሚያገኘኝ ሁሉ «ጣሪያው ላይ ስንት ዋት ጫንክ?» ይለኛል። አይፈረድበትም፤ የሚታየው ጣሪያው ነው። ገንዘብ የሚበላውም የሚያበሳጨውም ግን አልጋው ስር ያለው ባትሪ ነው።

እኔም ያወቅሁት ከከሰርኩ በኋላ ነው። «ትልቅ ነው፣ ይችላል» ተብዬ የጭነት መኪና ባትሪ ገጠምኩ። ከሐዋሳው ዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል ቆሮሶ ሸምተን ወደ ባሌ ወጣን። ሁለተኛው ሌሊት ዶዶላ ላይ ማቀዝቀዣው ሁለቴ ተንተፋትፎ ዝም አለ። ጠዋት ዓሣውን ውሾች በሉት። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ሞተር እንዲያስነሳ፣ ወዲያውም በዲናሞ እንዲሞላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠቡት ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ እሱን ከምርጫው አውጡት።

ከመግዛታችሁ በፊት የቀን ፍጆታችሁን ደምሩ። የእኛ ባለ 12 ቮልት ማቀዝቀዣ 45 ዋት ይጎትታል፤ ግን እየጠፋ እየበራ ስለሚሠራ በቀን 430 ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ላፕቶፕ 150፣ አምፖል፣ ስልክና ማራገቢያ አንድ ላይ 100። በድምሩ 700 ቢጠጋ ነው።

ጄል ወይስ ሊቲየም

ጄል እንደ መኪናው ባትሪ የእርሳስ ዘር ነው፤ ግን ቀስ ተብሎ ለመጠባት የተሠራ። ሁለቱም ላይ «12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል፤ ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ጄሉ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 600 ዋት ሰዓት ነው። የእኛን አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ሊቲየሙ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው) ግን 1,000 ገደማ ያለ ሐሳብ ይሰጣል። ጄሉ 30 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ሊቲየሙ 12። ጄሉ በእንዲህ ዓይነት አጠቃቀም ጥቂት መቶ ጊዜ ተሞልቶ ሲደክም፣ ደህናው ሊቲየም ከ2,000 በላይ ይሄዳል።

ሊቲየሙ ሲገዙት ያስደነግጣል። ግን አንዱ ሁለት ጄል ሊተካ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ዋጋውን ከአንድ ሳይሆን ከሁለት ጄል ጋር አስተያዩት። በወር አንዴ ወንዶ ገነት አድራችሁ የምትመለሱ ከሆነ፣ ማቀዝቀዣም ከሌላችሁ፣ ጄል ይበቃችኋል፤ ገንዘባችሁን አታቃጥሉ። ማቀዝቀዣ ካለ ግን ሊቲየም ነው፤ አልከራከርም።

አንድ ነገር ብቻ፦ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ መሞላት የለበትም። ሐዋሳ ላይ ይሄ ቀልድ ይመስላል። ባሌ ተራራ፣ ሳነቴ አናት ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያደረ ሰው ግን አይስቅም። ባትሪውን ውጭ ሳይሆን የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አድርጉት። ስትገዙም ብርድ ላይ ራሱን የሚያቋርጥ መሆኑን ጠይቁ።

ፒደብሊውኤም ወይስ ኤምፒፒቲ

ከፓኔሉና ከባትሪው መሀል ሆኖ አሞላሉን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ነው፤ ርካሹ ፒደብሊውኤም፣ ውዱ ኤምፒፒቲ ይባላል። ገበያው ላይ በብዛት የምታገኙት ፓኔል ለቤት የተሠራው ትልቁ ነው። 400 ዋት፣ 40 ቮልት፣ 10 አምፔር እንበል። ርካሹ ፒደብሊውኤም ኮንትሮለር የፓኔሉን ቮልት ጎትቶ ከባትሪው ጋር ያስተካክለዋል። 10 አምፔር በ13 ቮልት፣ 130 ዋት። ከ400 ውስጥ ሌላው ገደል ገባ ማለት ነው። ኤምፒፒቲ ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ስለሚቀይረው አብዛኛው ይተርፋል። ፒደብሊውኤም የሚያዋጣው አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ፓኔል ብቻ ላለው ነው።

ላዩ ላይ «ኤምፒፒቲ» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ ኤምፒፒቲ አይደለም። በእጃችሁ መዝኑት። እውነተኛው ውስጡ የመዳብ ጥቅል፣ ጀርባው ላይ ሙቀት የሚያስወጣ ብረት ስላለው ይከብዳል። እንደ ስልክ የቀለለ ከሆነ መልሱለት።

ፓኔሉ

ሞኖውን (ሞኖክሪስታላይን የሚባለውን) ግዙ፤ በእኩል ስፋት የበለጠ ኃይል ስለሚሰጥ ለጠባብ ጣሪያ ከፖሊው (ከፖሊክሪስታላይኑ) ይሻላል። ተጣጣፊው ቀላል ነው፣ ያምራልም፤ ግን ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ባለ መስተዋቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ሲታሰር ከሥሩ ነፋስ ያገኛል። እኛ ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ላይ ስለሆንን አግድም ቢተኛ ብዙ አይጎዳም። አሞራ ገደል ስታቆሙ ግን ወደ ላይ ተመልከቱ። አንድ አባ ኮዳ የጣለው ኩስ ጥቂት ሴል ቢሸፍን የፓኔሉን ጥሩ ክፍል ያጠፋዋል፤ ሴሎቹ በተራ የተያያዙ ናቸው። እኔ ሁልጊዜ የሃይላንድ ውኃና ጨርቅ ይዣለሁ።

የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት 220 የሚቀይረው ኢንቨርተር ላይ ፒዩር ሳይን (እንደ ቤት መብራት ንጹሕ ሞገድ የሚሰጠው) ከሆነ ጥሩ፤ ሞዲፋይዱ ሞተር ያለው ዕቃ ላይ ያጓራል፣ ያግላልም። ትልቅ አትግዙ። ምንም ሳይሰካበት እንኳ 15 ዋት የሚበላ አለ፤ ሳታጠፉት 24 ሰዓት ከቆየ 360 ዋት ሰዓት ነው። ማቀዝቀዣችንን ሊስተካከል ምን ቀረው? የኤሌክትሪክ ምጣድማ አይታሰብም። ቡናውም በከሰል ይሻላል።

ገመድ ላይ የቤት ኤሌክትሪሺያን እንዳያታልላችሁ። 1,000 ዋት በ220 ቮልት ከ5 አምፔር አያልፍም፤ በ12 ቮልት ግን ከ83 በላይ ነው። የቤቱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይቀልጣል። ባለ 35 አድርጉት፣ አጭርም ይሁን፤ ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር አይራቅ።

ክረምት ላይ ፓኔሉ ሲያኮርፍ የሚያወጣችሁ ዲናሞው ነው። ሊቲየምን ግን በቀጥታ አታገናኙት፤ ያለ ልክ ስቦ ዲናሞውን ሊያቃጥለው ይችላል። መሀል ላይ ባለ 30 አምፔር ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር አስገቡበት፤ የሚሳበውን ልክ ያስይዘዋል። ወደ አርባ ምንጭ ሦስት ሰዓት ስትነዱ 90 አምፔር ሰዓት ገባ ማለት ነው። ዝናቡ እንደ ልቡ ይዝነብ።